ውሃ በሐረር በስንት ዲግሪ ይፈላል? የሙቀት መለኪያን የመፈተን ታሪክና ለትምህርት የሚሰጠው ቁም ነገር

መግቢያ

በሐረር ጁገል እምብርት የሚገኘው ፈረስ መጋላ ስሙ እንደሚያስረዳው የፈረስ ገበያ ነበር። ከአምስቱ ጥንታውያን በሮች ወደ ከተማዋ መካከል የሚያመሩት መንገዶች የሚገናኙት በዚሁ አካባቢ ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ ቡና በፈረሱላ፣ እህል በቁና፣ ጨርቅ በክንድ ሲለካ ኖሯል። ገዢና ሻጭ በዋጋ ከመከራከራቸው አስቀድሞ በመለኪያው መስማማት ነበረባቸው። ቁናው ጎድሎ፣ ክንዱ አጥሮ፣ ሚዛኑ አዘንብሎ እንደ ሆነ የዋጋው ክርክር ትርጉም አይኖረውምና።

የሙቀት መለኪያን በተመለከተ ግን ይህ የገበያ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቴርሞሜትር በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ወይም ዛሬ እንደሚታየው በመኖሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ግቢ በሚተከል አነስተኛ የአየር ጠባይ መከታተያ ጣቢያ ውስጥ ተገጥሞ «24.3» የሚል ቁጥር ሲያሳይ፣ ተመልካቹ ቁጥሩን ያለ ጥያቄ ይቀበለዋል። ስለ አየሩ የሚመሰክረው ግን መሣሪያው ነው፤ ምስክሩም እንደ ማንኛውም ምስክር መመርመር ይገባዋል። ምርመራው የሚፈጸመው መሣሪያውን እውነትነቱ አስቀድሞ ከታወቀ ነገር ጋር በማስተያየት ሲሆን፣ ይህ ተግባር በባለሙያዎች ዘንድ ካሊብሬሽን ይባላል።

ሐረር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚህም የተነሣ ቴርሞሜትር ከሚፈተንባቸው ሁለት የታወቁ ነጥቦች አንዱ በዚህች ከተማ በ100 ዲግሪ ላይ አይገኝም። ይህንን ያላገናዘበ መምህር ትክክለኛውን መሣሪያ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው፣ ወይም የተበላሸውን ትክክል ነው ብሎ ሊያስተምርበት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሙቀት መለኪያ እንዴት ሲፈተን እንደ ኖረ ከሐረር ታሪክ ጋር አገናዝቦ ማሳየትና ከታሪኩ የሚገኘውን ትምህርት ለክፍል ሥራና ለዕቅድ በሚያመች መልክ ማቅረብ ነው።

ሁለቱ ነጥቦችና ልዩነታቸው

የሙቀት መለኪያ ታሪክ በአመዛኙ ጽኑ ነጥብ የመፈለግ ታሪክ ነው። በአንድ ጠባብ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ፈሳሽ ሲሞቅ ከፍ፣ ሲበርድ ዝቅ እንደሚል ከታወቀ በኋላም የአንዱ ሊቅ ቁጥር ከሌላው ሊቅ ቁጥር ጋር አይገናኝም ነበር። ሁሉም የሚስማሙበት መነሻና መድረሻ አስፈለገ። ለዚህም የተመረጡት በየትም ቦታ የሚገኘው ውሃ የሚያሳያቸው ሁለት ለውጦች ናቸው። እነርሱም በረዶ የሚቀልጥበት፣ ማለትም ነጥበ ቅልጠት፣ እና ውሃ የሚፈላበት፣ ማለትም ነጥበ ፍሌት ናቸው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ነጥቦች እኩል ጽኑ አይደሉም። ዳንኤል ፋራናይት እ.ኤ.አ. በ1724 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረባቸው ጽሑፎች የውሃ ነጥበ ፍሌት ከአየር ግፊት ጋር ከፍና ዝቅ እንደሚል አመለከተ፤ በዚሁ ጠባይ ምክንያት ቴርሞሜትርን እንደ ባሮሜትር መጠቀም እንደሚቻልም አሰበ። ስዊድናዊው የከዋክብት ተመራማሪ አንደርስ ሴልሲየስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባለ መቶ ክፍል መለኪያውን ሲያቀርብ ሁለቱን ነጥቦች በጥንቃቄ መርምሮ ነበር። በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ በአየር ግፊት ምክንያት የሚታይ ለውጥ እንደማያመጣ፣ ውሃ የሚፈላበት ግን እንደሚለወጥ በመገንዘቡ፣ ለነጥበ ፍሌት የተወሰነ የባሮሜትር ልክ አብሮ እንዲጠቀስ አደረገ። ሴልሲየስ በመጀመሪያ ለፈላ ውሃ 0፣ ለሚቀልጥ በረዶ 100 ሰጥቶ እንደ ነበርና ቁጥሮቹ ከዚያ በኋላ እንደ ተገላበጡም ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ1777 በሄንሪ ካቨንዲሽ የሚመራ የሮያል ሶሳይቲ ኮሚቴ ይህንኑ ጉዳይ መርምሮ ሁለት ጠቃሚ ምክሮች ሰጠ። አንደኛው፣ ቴርሞሜትሩ በፈላው ውሃ ውስጥ ከሚነከር ይልቅ ከውሃው በሚወጣው እንፋሎት ውስጥ ይያዝ የሚል ነው፤ የውሃው ሙቀት እንደ ድስቱ ዓይነትና እንደ አፈላሉ ሲለዋወጥ የእንፋሎቱ ግን የረጋ ነውና። ሁለተኛው፣ ነጥቡ በተወሰነ የባሮሜትር ልክ፣ ማለትም በ29.8 ኢንች፣ ይወሰን የሚል ነው። በሌላ አነጋገር «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ገና ከጥንቱ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ቅድመ ሁኔታውም በባሕር ጠለል አካባቢ የሚገኘው የአየር ግፊት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ቅድመ ሁኔታው በመንገድ ላይ ወደቀ፤ ቁጥሩ ብቻውን ቀረ።

ቴርሞሜትር በኢትዮጵያ ተራሮች

የነጥበ ፍሌት አለመጽናት መለኪያ ለሚሠራ ሰው ችግር ቢሆንም ለመንገደኛ ግን መልካም አጋጣሚ ነበር። ውሃው የሚፈላበት ዲግሪ ከታወቀ የአየሩ ግፊት ይታወቃል፤ የአየሩ ግፊት ከታወቀ ደግሞ የቦታው ከፍታ በግምት ይታወቃል። ረጅምና ተሰባሪ የሆነውን የሜርኩሪ ባሮሜትር በበቅሎ ጭኖ ገደል ከመውጣት ይልቅ አንድ ጥሩ ቴርሞሜትርና አንድ ትንሽ ማፍያ መያዝ ይቀላል። ለዚህ ሥራ የሚውለው መሣሪያ ሂፕሶሜትር ይባላል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡ በርካታ የውጭ አገር ተጓዦች እነዚህን መሣሪያዎች ይዘው ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1770፣ በቁስቋም ደግሞ በ1771 የዘነበውን የዝናብ መጠን መዝግቦ በመጽሐፉ አትሟል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1833 በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ሲዘዋወር የቦታዎችን ከፍታ በባሮሜትር ለክቷል። ከ1838 እስከ 1848 በአገሪቱ የቆየው አንቷን ዳባዲ ደግሞ የብዙ ቦታዎችን ከፍታ በፈላ ውሃ እየለካ፣ የተራሮችን አቅጣጫ እየመዘገበ፣ «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በሚል ርእስ ለታወቀው ሥራው መሠረት የሆነውን ማስረጃ አከማቸ። የዚህ ሁሉ ልኬት ዋጋ በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ይኸውም በመሣሪያው ላይ በተቀረጹት መስመሮች ትክክለኛነት ላይ ነው። በሐረር ከፍታ አካባቢ ነጥበ ፍሌቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሳሳት የከፍታው ግምት ወደ 300 ሜትር ይሳሳታልና።

በርተን በሐረር፣ እ.ኤ.አ. 1855

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ጥር 3 ቀን 1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገባ። በዚያን ጊዜ ከተማዋ በአሚር አሕመድ ትተዳደር ነበር። በርተን ለዐሥር ቀናት ቆይቶ ከወጣ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ የከተማዋን አቀማመጥ ሲገልጽ፣ ቴርሞሜትሩ ያሳየው ከፍታ ወደ 5,500 ጫማ እንደ ሆነ ጻፈ። ይህም ወደ 1,676 ሜትር ነው። ዛሬ የታወቀው የከተማዋ ከፍታ ወደ 1,885 ሜትር ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር የሚበልጥ ልዩነት አለ።

ይህ ልዩነት በቴርሞሜትር ላይ ሲታይ እጅግ ትንሽ ነው። በ1,676 ሜትርና በ1,885 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላባቸው ዲግሪዎች የሚለያዩት ከ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባነሰ፣ ማለትም በ0.7 ገደማ ነው። በመስተዋት ቱቦ ላይ ይህ ከአንድ ጠባብ መስመር አያልፍም። ልዩነቱም ከአንድ ምንጭ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በዚህ ዓይነት ልኬት ሦስት ነገሮች ይደራረባሉ።

የመጀመሪያው የስሌቱ ሠንጠረዥ ነው። ከባሕር ጠለል እስከ ቦታው ያለው አየር ሞቃት ከሆነ፣ እንደ ዘይላና በርበራ ያሉ ቆላማ ጠረፎችን ተነሥቶ ወደ ሐረር ለሚወጣ መንገደኛም ሞቃት ነው፣ አየሩ ስለሚለጠጥ በከፍታው ላይ የሚቀረው ግፊት ቀዝቃዛ አየር ባለበት አገር ከሚኖረው ይበልጣል። ስለዚህ የአየሩ ሙቀት በስሌቱ ካልገባ ከፍታው ዝቅ ብሎ ይገመታል። ሁለተኛው በቀኑ ውስጥ የሚታየው የግፊት ለውጥ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች ይህ ለውጥ አነስተኛ ስለሆነ ነጥበ ፍሌቱን የሚነካው ከ0.1 እስከ 0.2 ዲግሪ ብቻ ነው። ሦስተኛው ራሱ ቴርሞሜትሩ ነው።

ስለ ሦስተኛው ምክንያት የታወቀ ማስረጃ አለ። መስተዋት ከተነፋ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቀስ በቀስ ይኮማተራል፤ ቋቱ ሲጠብ ሜርኩሪው ወደ ላይ ይገፋል፤ መሣሪያውም በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ተነክሮ ሳለ ከ0 በላይ ያነባል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጀምስ ጁል አንድን ቴርሞሜትር እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1882 እየተከታተለ በበረዶ ሲፈትን፣ ዜሮው ወደ ግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ከፍ ብሎ አገኘው። ግማሽ ዲግሪ ደግሞ በሐረር ከፍታ ላይ ወደ 150 ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ በፋብሪካ በሚገባ የተፈተነ መሣሪያ እንኳ ፈተናው ካልተደገመ እድሜው እየገፋ ሲሄድ ከእውነት ይርቃል። በለንደን አጠገብ የሚገኘው የኪው ምርመራ ጣቢያ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ቴርሞሜትሮችን እየፈተነ የእርማት ምስክር ወረቀት መስጠቱ ለዚህ ችግር የተገኘ መፍትሔ ነበር። ምስክር ወረቀቱ ግን የፈተናውን ዕለት ሁኔታ ብቻ ያረጋግጣል። በረዶ በማይገኝበት ረጅም የበረሃ ጉዞ ላይ ዜሮውን መልሶ ለመፈተን ለመንገደኛው ምንም መንገድ አልነበረውም።

የመሣሪያ ፍላጎት በሐረር

እ.ኤ.አ. በ1875 የግብፅ ጦር በራኡፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን ያዘ፤ እስከ 1885ም ቆየ። ከጦሩ መኰንኖች አንዱ የሆነው ሙሐመድ ሙክታር ስለ ሐረር አገር የጻፈው ማስታወሻ በካይሮው የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ። ከተማዋን መለካትና በካርታ ላይ ማስፈር የአስተዳደር ሥራ መሆን የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚሁ ዘመን፣ በታኅሣሥ ወር 1880 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ የአንድ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ደረሰ። ሥራው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ መግዛት ነበር። ይሁን እንጂ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጥር 30 ቀን 1881 እ.ኤ.አ.፣ ከሐረር በፓሪስ ለሚገኝ አንድ የመሣሪያ ሠሪ በጻፈው ደብዳቤ የሒሳብ፣ የከዋክብት፣ የኤሌክትሪክ፣ የአየር ጠባይና የሌሎችም ሙያዎች የትክክለኛ መለኪያ መሣሪያዎች ዝርዝር እንዲላክለት ጠየቀ። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ከዓደን ለቀድሞ ጓደኛው ሲጽፍም ስለ ሐረር መጽሐፍ ለማዘጋጀት ማሰቡን ገልጾ፣ ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች መካከል ቴዎዶላይት፣ ሴክስታንትና የኪስ ባሮሜትር ቆጠረ። የታሰበው መጽሐፍ አልተጻፈም። ደብዳቤዎቹ ግን አንድ ነገር ያስረዳሉ። ሐረርን በሚገባ ለመግለጽ ዓይንና ብዕር ብቻ እንደማይበቁ፣ የተፈተነ መሣሪያ እንደሚያስፈልግ፣ መሣሪያውም ባሕር ተሻግሮና በረሃ አቋርጦ መምጣት እንደነበረበት ያሳያሉ።

ሐረር በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በንጉሥ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ገብታ፣ በኋላ ራስ የተባሉት መኰንን አስተዳዳሪዋ ሆኑ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ዕቃ የማስመጣቱ ችግር ቀለለ። ሐዲዱ ግን ገደሉን ወጥቶ ሐረር አልገባም። የባቡሩን መንገድ በቆላው ያስቀረው ይኸው የከፍታ ልዩነት የፈላን ውሃ ዲግሪም ይለውጣል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲደረስ በ94 ገደማ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከ92 እስከ 93 ባለው መካከል፣ በደብረ ብርሃን በ91 ገደማ ይፈላል። መቶ ዲግሪ የሚገኘው በጅቡቲ ወደብ ነው።

ከመንገደኛ ልኬት ወደ ቋሚ ጣቢያ

መንገደኛ አንድ ጊዜ ለክቶ ይሄዳል። የአየር ጠባይ ግን በአንድ ቀን ልኬት አይታወቅም፤ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ ለብዙ ዓመታት መከታተልን ይጠይቃል። ለዚህም መሣሪያው ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የሚቀመጥበት ቦታም ሥርዓት ያስፈልገዋል። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ቶማስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1864 ያስተዋወቀው ነጭ ቀለም የተቀባና ጎኑ አየር በሚያስገቡ ዘርዛራ ጣውላዎች የተሠራ ሳጥን የዚህ ሥርዓት ምሳሌ ነው። ሳጥኑ ፀሐይን ይከለክላል፤ ነፋስን ያሳልፋል። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መመሪያ እንደሚያዘው የሙቀት መለኪያው ከምድር ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ይቀመጣል።

የዚህ ሥርዓት ጥቅም በሐረር ጁገል ውስጥ በግልጽ ይታያል። በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በተሠራው የሐረሪ ቤት ውስጥ፣ በነደባው ላይ የተቀመጠ ቴርሞሜትር የግድግዳውን እርጋታ ይለካል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለው የቆርቆሮውን ግለት ይለካል። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደውና የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ስም ባወጣለት በመኪና ግርግር ጠባብ መንገድ የተቀመጠው ደግሞ የሰውን፣ የድንጋዩንና የጥላውን ሁኔታ አደባልቆ ይለካል። ሦስቱም መሣሪያዎች በሚገባ የተፈተኑ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚያሳዩት ግን የሐረርን አየር ሙቀት አይደለም። ስለዚህ መሣሪያን መፈተንና ቦታን መምረጥ የማይነጣጠሉ ሁለት ሥራዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ የአየር ጠባይ ክትትል ቀድሞ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ይካሄድ ነበር፤ ለአውሮፕላን በረራ የአየር ሁኔታ መረጃ የግድ ነውና። በ1973 ዓ.ም. የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት ራሱን ችሎ በዐዋጅ ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የእርሱ ተከታይ ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱን የልኬት መሠረቶች የሚጠብቅ ብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ስለሆነም በርተንና ራምቦ ከባሕር ማዶ ይጠብቁት የነበረው የመሣሪያ ፈተና ዛሬ በአገር ውስጥ ባለቤት አለው።

ጉዳዩ በክፍል ውስጥ

በአንድ የሐረር ትምህርት ቤት ውስጥ የሚደረገውን የተለመደ ሙከራ ማሰብ ይበቃል። ተማሪዎች ውሃ ያፈላሉ፤ ቴርሞሜትሩን ይይዛሉ፤ 94 ያነባሉ። መጽሐፉ 100 ይላል። በዚህ ጊዜ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ተማሪዎቹ ያዩትን ትተው በደብተራቸው 100 ብለው እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ቴርሞሜትሩ 100 እስኪል «ማስተካከል» ነው። ሦስተኛው፣ 94 ለምን እንደ ተገኘ መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ተማሪው የገዛ ዓይኑን እንዳያምን ያስተምረዋል። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉዳት አለው፤ በተለይ በኤሌክትሮኒክ መለኪያዎች ላይ የእርማት ቁጥር ማስገባት ቀላል በመሆኑ አሳሳቢ ነው። በሐረር እውነተኛው 94 ዲግሪ «100» ተብሎ ከተሰየመ፣ በ0 እና በ94 መካከል ያለው እያንዳንዱ ዲግሪ ይለጠጣል። እውነተኛው የአየር ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን መሣሪያው 26.6 ያሳያል። ስሕተቱ 1.6 ዲግሪ ነው። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ የመንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስታወቀው፣ በ2011 እና በ2020 መካከል የነበረው የምድር አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው የበለጠው በ1.1 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ ባልተፈተነ መሣሪያ የሚመጣው ስሕተት ተማሪው ሊያጠናው ከተነሣው ለውጥ ይበልጣል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ለዐሥር ዓመታት የተሰበሰበ መዝገብ ድካም እንጂ ዕውቀት አይሆንም።

ሦስተኛው መንገድ የሳይንስ ትምህርት ነው። «94» የሚለው ቁጥር ከስሕተት ወደ ማስረጃ ይለወጣል፤ ተማሪው ከተማው በተራራ ላይ መሆኗን በአንድ ማሰሮ ውሃ ያረጋግጣል።

የአፈታተኑ ሥርዓት

በትምህርት ቤት ደረጃ ፈተናው በሦስት ደረጃ ሊካሄድ ይችላል።

አንደኛ፣ የበረዶ ፈተና። ከንጹሕ ውሃ የተሠራ በረዶ በደቃቁ ተከስክሶ በሰፊ ኩባያ ወይም በፔርሙዝ ይሞላል፤ ክፍተቱ ብቻ እስኪሸፈን ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመርበታል። መለኪያው መካከል ላይ ገብቶ ውሃው በዝግታ እየተማሰለ ንባቡ እስኪረጋ ይጠበቃል። ዋናው ነገር በረዶው እየቀለጠ መሆኑ ነው፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ ደረቅ በረዶ ከ0 በታች ሊሆን ይችላልና። ይህ ነጥብ በድሬዳዋም፣ በሐረርም፣ በደብረ ብርሃንም ያው 0 ስለሆነ ለደጋ አገር ትምህርት ቤት ከሁሉ የታመነ ነው። በርተን ያላገኘው በረዶ ዛሬ በማንኛውም ማቀዝቀዣ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ የእንፋሎት ፈተና። ይህ የሚደረገው 100 ዲግሪ ለሚችሉ ቴርሞሜትሮች ብቻ ነው። መለኪያው ከፈላው ውሃ በላይ በእንፋሎቱ ውስጥ ይያዛል፤ ንባቡም ከ100 ጋር ሳይሆን ለቦታው የአየር ግፊት ከሚገባው ነጥበ ፍሌት ጋር ይነጻጸራል። በሐረር ግፊቱ ወደ 810 ሄክቶፓስካል ስለሆነ የሚጠበቀው 94 ዲግሪ ገደማ ነው። መምህሩ ባሮሜትር ካለው የዕለቱን እውነተኛ ግፊት ማንበብ ይኖርበታል። በአየር ጠባይ ዘገባ የሚነገረው ግፊት ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የተመለሰ በመሆኑ ለዚህ ሥራ አያገለግልም።

ሦስተኛ፣ የማስተያየት ፈተና። የአየር ሙቀት በ0 እና በ94 ላይ አይውልም፤ በሐረር የሚለካው አብዛኛው ጊዜ በመካከላቸው ዝቅተኛው ክፍል ነው። ስለዚህ የሚፈተነው መለኪያና የምስክር ወረቀት ያለው አንድ ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ታስረው በ10፣ በ20 እና በ30 ዲግሪ አካባቢ በሚማሰል ውሃ ውስጥ ይነጻጸራሉ። የአየርን እርጥበት አብሮ የሚለካ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ግን ውሃ እንዲነካው አይደረግም፤ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ውስጥ ከምስክሩ አጠገብ ተሰቅሎ ለጥቂት ቀናት ንባባቸው ይመዘገባል።

ከፈተናው የሚገኘው ውጤት በቀላል ስሌት ወደ እርማት ይለወጣል። ለምሳሌ አንድ መለኪያ በበረዶ 0.6፣ በእንፋሎት 94.9 ቢያነብና የሚጠበቀው ነጥበ ፍሌት 94.0 ቢሆን፣ መሣሪያው የ94.0 ዲግሪን ርቀት 94.3 አድርጎ ቆጥሯል ማለት ነው። በአየር ውስጥ 20.0 ሲያነብ በመጀመሪያ 0.6 ይቀነሳል፤ የቀረው 19.4 በ94.0 ተባዝቶ ለ94.3 ይካፈላል፤ እውነተኛው ሙቀት 19.3 ዲግሪ ይሆናል። ይህ የሬሾ ሒሳብ ስለሆነ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ተባብረው ሊያስተምሩት ይችላሉ።

እርማቱ፣ የተፈተነበት ቀን፣ የተፈተነበት ዘዴና የፈታኙ ስም በመዝገብ ይጻፋል። የቀድሞው ንባብ ተሰርዞ አዲስ ቁጥር አይተካበትም፤ ንባቡ እንዳለ ይቀመጥና እርማቱ በጎኑ ይሰፍራል። መሣሪያ ሲለወጥ ወይም ቦታው ሲዛወር አሮጌውና አዲሱ ለተወሰነ ጊዜ አብረው ይሠራሉ። ይህ ካልተደረገ ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ሰው የአየሩን ለውጥ ከመሣሪያው ለውጥ ሊለይ አይችልም።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ታሪክ ለመምህራንም ሆነ ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠው ትምህርት አለ። ለመምህራን የሚሰጠው፣ በመጽሐፍ የተጻፈ ቁጥር ከነቅድመ ሁኔታው ካልተማሩት ግማሽ ዕውቀት መሆኑን ነው። ስለሆነም በየአካባቢው ያለ መምህር የትምህርት ቤቱን ከፍታና የቦታውን ነጥበ ፍሌት ዐውቆ ለተማሪዎቹ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠው ደግሞ፣ መሣሪያ መግዛት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ለትምህርት ቤቶች የአየር ጠባይ መከታተያ ሲታደል በየመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁ የምስክር ወረቀት ያለው ቢያንስ አንድ ማመሳከሪያ ቴርሞሜትር ቢኖር፣ የየትምህርት ቤቱ መለኪያ በዓመት አንድ ጊዜ ከእርሱ ጋር ቢነጻጸር፣ የመምህሩ መምሪያም የዋና ዋና ከተሞችን ነጥበ ፍሌት የያዘ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ቢጨመርበት፣ ወጪው ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲመዛዘን አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት የሜርኩሪ መሣሪያዎች ከገበያ እንዲወጡ ስለሚጠይቅ፣ ማመሳከሪያው ከሜርኩሪ ነጻ ከሆኑት ዓይነቶች ቢመረጥ ይሻላል።

የፈረስ መጋላ ገበያተኛ ሚዛኑን ሳያይ ቡናውን አይሸጥም። ተማሪውም ቴርሞሜትሩን ሳይፈትን ቁጥሩን እንዳይቀበል ማስተማር ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ኩባያ የሚቀልጥ በረዶ፣ አንድ ማሰሮ የፈላ ውሃና «94» ሲያነብ «94» ብሎ የሚጽፍ ታማኝ እጅ ነው።